ጣቱ የታጠፈ ጫጩት፦ ከመድኃኒቱ በፊት የመኖውን ጆንያ ይፍቱ

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። 200 የእንቁላል ዝርያ የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ ዛሬ 18ኛ ቀናቸው ነው። የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት በጊዜው ወስደዋል። የመኖ ዋጋ ስለከበደኝ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ራሴ አዘጋጅቼ ነው የምመግባቸው፦ የተፈጨ ነጭ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ከአሞራ ገደል የማመጣው በፀሐይ የደረቀ የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት፣ ትንሽ ጨው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ 14ቱ ጣታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ በቁርጭምጭሚታቸው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ንቁ ነው፤ መኖ ሳስጠጋላቸው ይበላሉ። 3ቱ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሽቅብ ያያሉ። ጎረቤቴ ማሬክስ ነው፣ ሁሉንም አስወግጂ አለችኝ። ከመድኃኒት መደብር ኦክሲቴትራሳይክሊን ሰጡኝ። ኮክሲዲዮሲስ እንዳይዛቸው ብዬ አምፕሮሊየም በውኃቸው ከጨመርኩ 9 ቀን ሆነኝ። የእንቁላል ቅርፊትም ፈጭቼ መኖው ላይ አድርጌያለሁ። ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ጎረቤትዎ ያሉትን አያድርጉ። ማሬክስ (ቫይረስ የሚያመጣው የዶሮ በሽታ ነው) እግር ማሽመድመዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቫይረሱ በመጀመሪያው ቀን ቢይዛቸው እንኳ ሽባነቱ ከ4 ሳምንት ዕድሜ በፊት እምብዛም አይታይም፤ የሚበዛው ቄብ ሲሆኑ ነው። ሲመጣም ብዙውን ጊዜ አንዱን እግር ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይጥላቸዋል። የእርስዎ ጫጩቶች 18 ቀናቸው ነው፤ ሁለቱም እግራቸው እኩል ደክሟል፤ ጣታቸው እንደ ጡጫ ተጨብጧል፤ ዓይናቸው ንቁ ነው፤ መኖ ሲቀርብላቸው ይበላሉ። እነዚህ ምልክቶች በዚህ ዕድሜ አንድ ላይ ሲገኙ የሚያመለክቱት የሪቦፍላቪንን፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ2ን፣ እጥረት ነው። እጥረት ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም። 14 ጫጩት የወደቀው ተላልፎበት ሳይሆን 200ውም ከአንድ ጆንያ ስለሚበላ ነው፤ ፈጥኖ የሚያድገው ቀድሞ ይወድቃል። ስለዚህ ቆመው የሚሄዱትንም ጤነኛ ናቸው ብለው አይቁጠሯቸው። እነሱም እዚያው መንገድ ላይ ናቸው።

ሽቅብ የሚያዩት 3ቱ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሁለቱን አንድ በሽታ አድርጎ ማየት ነው እስካሁን ያሳሳተዎት፤ ስለዚህ ለየብቻ ልያቸው።

በቢ2 እንጀምር። ጫጩት ከ1 ኪሎ መኖ ውስጥ ወደ 3.6 ሚሊ ግራም ሪቦፍላቪን ማግኘት ይኖርባታል። በቆሎ በኪሎ የሚይዘው 1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ፉርሽካ ከበቆሎ ይሻላል፤ ግን ገለባው ብዙ ስለሆነ ለጫጩት ከተወሰነ መጠን በላይ አይጨመርም። የደረቀው ዓሣ ጉድለቱን በሞላው ነበር፤ ሪቦፍላቪን ግን ብርሃን የሚያጠፋው ቫይታሚን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነገር ከነበረው ብዙውን ያጣል። በዚህ ላይ ፕሪሚክስ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል፣ የለም። እንግዲህ የእርስዎ መኖ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ይሰጣል፤ የጫጩቶቹን ነርቭ ግን አይሠራም። የሚጎዳው በጭን ውስጥ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ነው። ነርቩ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይበላሻል፣ ጣትን የሚዘረጋው ጡንቻ ትእዛዝ አይደርሰውም፤ ጣቱ ታጥፎ የሚቀረው ለዚህ ነው።

«የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበሩ» ብለው ይገረሙ ይሆናል። ጫጩት ከእንቁላሉ አስኳል ስንቅ ይዛ ትወጣለች፤ እናቲቱ በደንብ የተመገበች ከሆነች ያ ስንቅ ለጥቂት ቀናት ይበቃታል። 40 ግራም የምትመዝን ጫጩት ግን በ3 ሳምንት ውስጥ 4 እና 5 እጥፍ ታድጋለች። ስንቁ ሲያልቅና ዕድገቱ ሲፈጥን ጉድለቱ በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት ብቅ ይላል። ካሁን በኋላም ከተፈለፈለች በ1ኛው ወይም በ2ኛው ቀን ጣቷ የታጠፈ ጫጩት ካጋጠመዎት ጥፋቱ የእርስዎ መኖ ሳይሆን የእናቶቹ መኖ ስለሆነ ለሸጠልዎት ይንገሩ።

አሁን ወደ 3ቱ። አንገት ወደ ኋላ መጣልና ሽቅብ ማየት የታወቀ የቲያሚን፣ የቫይታሚን ቢ1፣ እጥረት ምልክት ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የቢ1 ነገር ከቢ2 ተቃራኒ ነው። በቆሎም ፉርሽካም ቢ1 አላቸው፤ በተለይ ፉርሽካ ሀብታም ነው። ቫይታሚን የሚባለው ነገር መኖሩ የታወቀውም በዚሁ መንገድ ነው፦ ክርስቲያን አይክማን የሚባል የኔዘርላንድ ሐኪም በ1890ዎቹ ባታቪያ ውስጥ (የዛሬዋ ጃካርታ ናት) የተፈተገ ነጭ ሩዝ ብቻ የሚበሉ ዶሮዎች እግራቸው ሲሽመደመድ፣ የሩዙን ገለፈት የሚበሉት ደግሞ ሲድኑ አየ፤ በ1929 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ስለዚህ እህል ከነገለፈቱ የሚበላ ጫጩት ቢ1 ካጠረው «መኖው ውስጥ ስለሌለ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ያለውን የሚያፈርስ ወይም የሚያግድ ነገር አለ ማለት ነው። በእርስዎ ቤት ሁለቱም አሉ።

አንደኛው አምፕሮሊየም ነው። ይህ መድኃኒት ኮክሲዲዮሲስን (ኩስ ውስጥ ደም የሚያሳይ የአንጀት በሽታ ነው) የሚያመጣውን ተውሳክ የሚያጠፋው ቲያሚንን በመምሰልና ቲያሚን እንዳያገኝ መንገዱን በመዝጋት ነው። በልክ ሲሰጥ ተውሳኩን እንጂ ጫጩቷን አይጎዳም። በውኃ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ቀን ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥል ከሆነ በጣም ዝቅተኛ በሆነ መጠን፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው። እርስዎ 9 ቀን ሰጥተዋል፤ ኩሳቸው ውስጥ ደም አይቻለሁም አላሉም። በማንኪያ ግምት ተለክቶ ከነበረ መጠኑም እንደሚያልፍ ከልምዴ አውቃለሁ። ሁለተኛው ዓሣው ነው። አንዳንድ የዓሣ ዝርያዎች፣ በተለይ በአንጀታቸውና በጭንቅላታቸው፣ ቲያሚንን የሚሰባብር ኢንዛይም አላቸው። ይህን ኢንዛይም የሚያጠፋው የእሳት ሙቀት ነው፤ ፀሐይ ላይ ማድረቅ እንደ መቀቀል አይሆንም። ከሐይቁ ዳር የሚሰበሰበው ተረፈ ምርት የቆሮሶም የአምባዛም የሌላውም ቅልቅል ስለሆነ ዝርያ መርጦ መዳን አይቻልም፤ መቀቀል ነው መፍትሔው።

ስለ 3ቱ አንድ ጥርጣሬ ክፍት መተው አለብኝ። የደረቀው ዓሣ ቅባት ካለውና ከቆየ ይሻግታል፤ የሻገተ ቅባት ደግሞ ቫይታሚን ኢን ያጠፋል። የቫይታሚን ኢ እጥረት የጫጩቷን የኋላ አንጎል ይጎዳል፤ ትንገዳገዳለች፣ በጎኗ ወድቃ በእግሯ ትራገጣለች፣ አንገቷን ታጣምማለች። በዓይን ብቻ ከቢ1 እጥረት ለመለየት ያስቸግራል። የሚለያቸው ሕክምናው ነው፦ የእንስሳት ሐኪም ቲያሚን በመርፌ ሲሰጣት የቢ1 ከሆነ በሰዓታት ውስጥ አንገቷን ታቃናለች። ይህን ያህል በፍጥነት የሚታይ ሕክምና በዶሮ ሙያ ውስጥ ብዙ የለም። በ24 ሰዓት ውስጥ ምንም ለውጥ ካላሳየች ግን ወይ የቫይታሚን ኢ ጉዳት ነው፣ ወይ ፈንግል። የፈንግል ክትባት መውሰዳቸው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሙቀት ያገኘው ክትባት እንደሌለ ይቆጠራል። በአንድ ሁለት ቀን ብዙ ከሞተ፣ ማንኮራፋት ወይም አረንጓዴ ተቅማጥ ካዩ፣ ይህን ሁሉ ምክር ትተው ሐኪም ይጥሩ።

ስለ እንቁላል ቅርፊቱ። እግር ሲደክም ካልሲየም መስጠት በየሰፈሩ የሚነገር ምክር ነው፤ አጥንት የለሰለሰባት ጫጩት ስላለች ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ግን ለእያንዳንዱ የእግር ድካም አይሠራም። የአጥንት ልስላሴ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው፦ ምንቃሯን በሁለት ጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑት። እንደ ጎማ ከታጠፈ የቫይታሚን ዲ፣ የካልሲየም ወይም የፎስፈረስ ችግር አለ። ጠንካራ ከሆነ ቅርፊቱን ያቁሙት። ዝም ብሎ የሚጨመር ካልሲየም ፎስፈረስንና ማንጋኒዝን እየያዘ ከሰውነት ያስወጣል። ማንጋኒዝ ሲያጥር የቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ከኋላው የሚያልፈው ጅማት ከቦታው ይንሸራተታል፤ እግሩ ወደ ጎን ይጠመዘዛል። ያ ጅማት አንዴ ከተንሸራተተ የሚመልሰው ቫይታሚን የለም። ለዚሁ ሲባል የእንቁላል ጣይ መኖ ለጫጩት መስጠትም ክልክል ነው፤ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ስላለው የጫጩትን ኩላሊት ይጎዳል። ጫጩት የሚበቃት 1 በመቶ አካባቢ ነው።

ኦክሲቴትራሳይክሊኑ ደግሞ ባክቴሪያ ለሚያመጣው በሽታ ነው፤ የጎደለ ቫይታሚን አይተካም። የባሰው ነገር ካልሲየም ይህን መድኃኒት አንጀት ውስጥ አስሮ እንዳይገባ ማድረጉ ነው። ቅርፊቱንና መድኃኒቱን አንድ ላይ ሲሰጡ ገንዘብዎ በሁለቱም በኩል ፈሷል። አንድ ጫጩት ሳያዩ፣ ስለ መኖው ሳይጠይቁ አንቲባዮቲክ አሽገው የሚሰጡ መደብሮች በጣም ያሳዝኑኛል። የሚከስረው አርቢው ነው፤ ከዚያም መድኃኒቱን የለመዱት ባክቴሪያዎች እሰው ቤትም ይገባሉ።

አሁን ዛሬውኑ የሚሠራውን ልንገርዎት። አምፕሮሊየሙን፣ ኦክሲቴትራሳይክሊኑን፣ ቅርፊቱንና ዓሣውን ያቁሙ። አምፕሮሊየም እየተሰጠ ቢ1 መስጠት አንዱን በአንዱ ማጥፋት ነው፤ ስለዚህ ማቆሙ ይቅደም። ምናልባት ኩሳቸው ውስጥ ደም ካዩ ለኮክሲዲዮሲስ ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ፤ ሐኪሙ ይምረጥልዎ። ቀጥሎ የጫጩት ማስጀመሪያ መኖ ይግዙና የራስዎን ቅልቅል ሙሉ በሙሉ ይተኩ፤ «እስኪያልቅ ግማሽ በግማሽ» አይበሉ። የወደቁትን ከሌሎቹ ለይተው ጥልቅ ጉዝጓዝ ላይ ያድርጓቸው፤ መጠጫውና መመገቢያው ተቀምጠው የሚደርሱበት ዝቅታ ላይ ይሁን። በዚህ በሽታ የሚሞት ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው መኖው ጋ መድረስ አቅቶት በረሃብና በውኃ ጥም፣ ወይም በሌሎቹ ተረግጦ ነው።

ለ14ቱ ቢ2ን በአፋቸው ይስጧቸው። ለአንዲት ጫጩት በቀን 100 ማይክሮ ግራም፣ ለ2 ተከታታይ ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ መኖው ይቀጥለዋል። ከመደብር የሚያገኙት የዶሮ ቫይታሚን ዱቄት ላይ በግራም ስንት ቢ2 እንዳለው ያንብቡ፤ ቢ2 የሌለው «ቫይታሚን» ብዙ አለ፣ ኤ፣ ዲ እና ኢ ብቻ የያዘ። ካጡ የሰው ቢ ኮምፕሌክስ ይሆናል። ለምሳሌ ቢ2ው 2 ሚሊ ግራም የሆነ አንድ እንክብል ደቁሰው በ20 ሚሊ ሊትር ውኃ ቢበጠብጡት 1 ሚሊ ሊትሩ 100 ማይክሮ ግራም ይይዛል፤ 14ቱንም ያዳርሳል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በምንቃሩ ጎን ጠብ ጠብ ያድርጉላቸው። ጉሮሮ ውስጥ በኃይል ከገፉት ሳንባ ይገባል፤ በእግሩ ምክንያት የማይሞተውን ጫጩት በእጃችን እንዳንገድለው። ለሌሎቹ በሙሉ ቢ1 እና ቢ2 ያለው ቫይታሚን ከ5 እስከ 7 ቀን በመጠጥ ውኃ ይስጡ፤ በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ፤ መጠጫው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ከመስኮት ያርቁት። በሳምንት አንድ ቀን የሚሰጥ ቫይታሚን ግን ለዕለት ጉድለት አይሆንም፤ ቢ ቫይታሚኖች በሰውነት ብዙ አይጠራቀሙም። 3ቱን ዛሬ ወደ ሐኪም ይውሰዱ፤ ከወደቁት 14ም አንዷን፣ በጣም የባሰባትን፣ ጨምረው። ሐዋሳ ላይ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ አለው፤ ተከፍታ የጭኗ ነርቭ ብትታይ ጥርጣሬው ያበቃል። ማሬክስም ያንኑ ነርቭ ስለሚያሳብጥ ዕድሜዋን 18 ቀን ብለው መንገር አይርሱ።

ምን ያህሉ ይድናል? ጣቱ መታጠፍ ከጀመረ ጥቂት ቀን የሆነው አብዛኛው ይቆማል። ነርቩ ለሳምንታት ሲጎዳ የቆየው ግን ቫይታሚኑን በባልዲ ቢያጠጡት አይመለስም። ቁርጭምጭሚቱ ያበጠና እግሩ ወደ ጎን የተጠመዘዘ ካለ፣ እሱ የጅማት መንሸራተት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ያሰናብቱት። ማቆየቱ ለእርስዎ ወጪ፣ ለእሱ ሥቃይ ነው።

ለምን የሐበሻ ጫጩት ይህ አይደርስባትም የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ «የፈረንጅ ዶሮ ስለማይበረታ ነው» ይባላል። ዝርያው አይደለም ዋናው። እናቷን ተከትላ ግቢ የምትጭር ጫጩት ትል ትበላለች፣ ቅጠል ትነጫለች፣ የከብት እበት ትበትናለች፣ ፀሐይ ይመታታል። ሆዷ የሚገባው ነገር በቀን ሃያ ዓይነት ነው። ዕድገቷም አዝጋሚ ስለሆነ የሚያስፈልጋት ያንሳል። ቤት ዘግተው የሚያሳድጓት ጫጩት ግን ከእጅዎ በቀር ምንም የላትም፤ እጅዎ የረሳውን ነገር ከየትም አታመጣውም።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ እስከ 8 ሳምንት ድረስ መኖ አይቀላቅሉ፤ የተዘጋጀ ይግዙ። አንዲት የእንቁላል ዝርያ ጫጩት እስከ 8 ሳምንት የምትበላው 2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለ200ው 4 ኩንታል መሆኑ ነው። አሁን የቀረዎት ከዚያ 3 ኩንታል ተኩል ያህል ነው። ዶሮ በዕድሜዋ የምትበላው ትልቁ ወጪ እንቁላል በምትጥልበት ጊዜ ነው፤ ቁጠባ ካለ እዚያ ይፈለግ፣ ያውም ፕሪሚክስ ገዝቶ። ጆንያውን ሲገዙ የተመረተበትን ቀን ይዩ፤ ከ1 ወር በላይ የቆየና መጋዘን በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ መኖ ቫይታሚኑ በወረቀቱ ላይ ብቻ ነው ያለው።

ቄብ ሲሆኑ ራስዎ መቀላቀል ከፈለጉ ያኔ አልከለክልዎትም። ፕሪሚክሱን በቀጥታ ኩንታል ላይ አይበትኑት፤ መጀመሪያ ከ1 ኪሎ ፉርሽካ፣ ቀጥሎ ከ10 ኪሎ በቆሎ፣ ከዚያ ከጠቅላላው ጋር ያዋህዱት፤ አለዚያ አንዷ አሥር እጥፍ ስትበላ ሌላዋ ምንም አታገኝም። ዓሣውን አልጥልብዎትም፤ የኑግ ፋጉሎ የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል የሚሞላ ምርጥ ፕሮቲን ነው። ግን ትኩሱን ቀቅለው፣ ቅባቱን ገፈው፣ በፍጥነት አድርቀው፣ ፈጭተው ይጠቀሙ፤ የሻገተ ዘይት የሸተተውን አያስገቡ። በቆሎዎ ነጭ ስለሆነ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፤ አልፋልፋ ወይም ሌላ አረንጓዴ ቅጠል በየቀኑ ይስጧቸው። አይብ የሚያወጡ ከሆነ አጓቱን አይድፉት፤ ያ አረንጓዴ ቢጫ መልኩ ራሱ የሪቦፍላቪን ቀለም ነው። ነገር ግን 1 ሊትር አጓት የሚይዘው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ ደጋፊ እንጂ ማዳኛ አይደለም፤ በብዛት ከሰጧቸውም ተቅማጥ ያመጣባቸዋል። ጥቂቱን በመኖ ለውሰው፣ የተረፈውን በዕለቱ ያንሱት።

ከሕክምናው በኋላ በ7ኛው ቀን፣ ማለትም በ25ኛ ቀናቸው፣ ጠዋት መኖ ከማቅረብዎ በፊት ይቁጠሯቸው። መመገቢያው ጋ በራሱ እግር የደረሰው ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀል። ያልደረሰውን ሌላ መድኃኒት አይግዙለት። አዲስ የሚወድቅ ካለ ግን መኖውን ያስመርምሩት፤ ያኔ ችግሩ ከገዙት ጆንያ ነው።